ችግሩ ቻናሉ ነው

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ራውተራችሁ፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን፣ የት ነው?» የሚል እንግዳ ያልገባበት የሐበሻ ቤት የለም። የእኛ ሰፈር የኢስትሙር እንግዳ ክቡር ጋሽ ምንያህል ናቸው።

ሥራቸው ኮምፒውተርን ከዋይፋይ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ መጻፍ ነው። «ድራይቨር ነው የምሠራው» ባሉ ቁጥር ግን ሰው ሁሉ ሹፌርነት መስሎት «ኡበር ነው ትራክ?» ይላቸዋል።

ጎረቤታችን ሀኒ የወለደች ጊዜ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ ሄደው፣ ሕፃኑን ሳያዩ ራውተር ፍለጋ አልጋ ሥር ገቡ። ለቅሶ ቤትም ይህን አይተዉም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲግናላችሁም ደካማ ነው» ይላሉ። እኔ ራሴ መኪናቸውን በመስኮት አይቼ መብራት ያጠፋሁበት ቀን አለ።

ጎረቤቴ ሞሚና ግሮቭፖርት ባለ መጋዘን እየሠራች የነርስነት ትምህርቷን ጨረሰች። የመጀመሪያው የሥራ ኢንተርቪው በቪዲዮ ነበር፤ መሃል ላይ ተቋረጠባትና በዚያው ቀረ። ሌላ ሆስፒታል ሲጠራት ከደስታው ፍርሃቱ በለጠባት።

«ጋሼን ኮል አድርጊያቸው» አልኳት፣ እያመነታሁ።

«ችግሩ ቻናሉ ነው!» አሉ ገና ከበር። «አየሽ ልጄ፣ ራውተርሽ የአየር ጠባይ ራዳር ከሰማ ያለበትን ቻናል፣ የሚያስተላልፍበትን የሞገድ መስመር ማለቴ ነው፣ መልቀቅ ግዴታው ነው። ሲሄድም በጨዋ ደንብ ‹ወደዚያኛው ተዛውሬያለሁ፣ ተከተለኝ› ብሎ ለላፕቶፕሽ ይነግረዋል። የላፕቶፕሽ ድራይቨር ግን አሮጌ ነው፤ አይሰማም። ሰውየው ጓዙን ጠቅልሎ የወጣበትን ቤት ቆሞ ያንኳኳል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«እንዲሰማ ማድረግ ነዋ!»

አዲስ ድራይቨር ጫኑላት። ከዚያ እኔን ከእሷ ጋር በቪዲዮ እያነጋገሩ፣ ራውተሩን ሆን ብለው ከቻናል ቻናል አዘዋወሩት። መጀመሪያ ሥዕሉ ቀጥ አለ። ጋሼ አጉረመረሙ፣ እንደገና ነካኩት፤ በኋላ ዓይን እስኪርገበገብ ብቻ ተደናቅፎ ቀጠለ።

የኢንተርቪው ቀን እኔና እሳቸው ሞሚና ኩሽና ተቀመጥን። ራውተሩን የሚከታተሉበትን ስልካቸውን ሲያዩ ድንገት ክንዴን ጨመቁኝ።

«ተዛወረ» አሉ በሹክሹክታ።

ጆሯችንን ጣል አደረግን። ከሳሎን የሞሚና ድምፅ ሳይቆራረጥ ቀጠለ፤ ጠያቂዋ ስትስቅም ሰማን። ጋሽ ምንያህል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማብራሪያ አልሰጡም።

ሞሚና ሥራውን አገኘች። እኔ ደግሞ ለቅዳሜ ምሳ ጋሼን ቤቴ ጠርቻቸዋለሁ። ኢንተርኔቴ ደህና ነው፤ ይህን ግን እንዳትነግሯቸው።