ሸጠው ያልለቀቁት ጋሽ ኑሀ

ሸጦ የማይለቅ ሰው ያላጋጠመው ቢኖር፣ ዕድሜ ልኩን አዲስ ዕቃ ብቻ ሲገዛ የኖረ ሀብታም መሆን አለበት። እኛ የሰው እጅ የነካውን የምንገዛ ግን አሳምረን እናውቀዋለን። በሬውን ሸጦልህ ማሳህ ድረስ እየመጣ ጎድኑን ዳብሶ «አከሳኸው» የሚል አለ። ባጃጁን ሸጦልህ፣ ተሳፋሪ ጭነህ ስትሄድ መሀል አስፋልት ላይ አስቁሞ ሞተሩን የሚያዳምጥ አለ። ቤቱን ሸጦልህ የተከላትን ፓፓያ ሊጠይቅ ሳያንኳኳ የሚገባም አለ። ብሩን ተቀብሏል፣ ውሉን ፈርሟል፣ ምስክር አቁሟል። ምን ቀረው? ንገሩኝ እስኪ፣ ምን ቀረው?

የእነዚህ ሁሉ አለቃና የበላይ ጠባቂ እዚሁ ቆቦ ይኖራሉ። ክቡር ጋሽ ኑሀ ይባላሉ። እኔ ኡበይድ በሠርግ ላይ ኪቦርድ እየተጫወትኩ የማድር ሰው ነኝ፤ የእሳቸውን የድሮ ሲንተሳይዘር ገዝቻለሁ። ገዝቻለሁ! ቃሉን ደግሜ የምለው እሳቸው ፊት ስናገረው ተቀባይነት አግኝቶ ስለማያውቅ ነው። «ሸጥኩልህ እንጂ መች ሰጠሁህ?» ይሉኛል። ይኼን አነጋገር ለሽማግሌም ለጠበቃም አቅርቤዋለሁ፤ ትርጉሙን የነገረኝ የለም።

ሲንተሳይዘር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ዛሬ በየሠርጉ የምታዩት ኪቦርድ አያት ነው። ውስጡ የተቀዳ ከበሮ የለም፣ የተቀዳ ዋሽንት የለም። ኤሌክትሪኩ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ይሆናል፤ ማዞሪያዎቹን እያሽከረከርክ የምትፈልገውን ድምፅ ራስህ ታመጣዋለህ፤ ካጠፋኸው ጠፋ፣ ነገ እንደ አዲስ ትፈልጋለህ። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ብትነካ አንዱን ብቻ ነው የሚያሰማው። ይኼ ጉድለት ነው ብዬ አንድ ቀን ብናገር ጋሽ ኑሀ ተቆጡ። «ጨዋነት ነው እንጂ! አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። እንዳንተ ቤት መሰለህ?» አሉኝ፣ ሚስቴ ሰልዋ እየሰማች።

«ታዲያ ምን ሊረባህ ገዛኸው?» የሚለኝ አይጠፋም። ድምፁን ስላልሰማችሁት ነው! ከወልድያ እስከ አላማጣ ያለን የሠርግ ተጫዋቾች ሁላችንም የያዝነው ያው አንድ ዓይነት ኪቦርድ ነው። ሙሽራዋ ትቀየራለች እንጂ ዘፈኑ አይቀየርም። ይኼኛው ግን ወፍራሙን ድምፅ ሲለቀው የዳሱ ምሰሶ ይነዝራል፤ ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው እንደ ማሲንቆ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ተደግፈው የሚቆሙ አዛውንት ሳይቀሩ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። በልጅነቴ ጋሽ ኑሀ ጎብዬ ከተማ ላይ ሲጫወቱት ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኔ እንዲሆን።

እሳቸው በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ሲሠሩ ከአንድ መርከበኛ ነው የገዙት። «የአፋርን ሐሩር እኔ እየተቃጠልኩ፣ ሽርጤን ለሱ አልብሼ፣ ጭነት መኪና ላይ በጭኔ ይዤው ነው የመጣሁ» ይላሉ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልለው ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ሲመለሱ ከቤቱ የተረፈ ነገር አልነበረም፤ ጉድጓዱን ግን ያገኘው የለም። ዛሬም ዘንበል ስታደርገው ውስጡ የማሽላ ፍሬ ይንኮሻኮሻል። ላውጣው ብል «ተወው፣ ስንቁ ነው» ብለው ከለከሉኝ።

እጃቸውን ቁርጥማት ያዘውና ልሸጥ ነው አሉ። ከደሴም ከመቀሌም ሰው መጣ፤ ሁሉንም መለሱ። እኔ ስሄድ ግን «ሽማግሌ ላክ» አሉኝ። ለሲንተሳይዘር! ሴት ልጅ የምጠይቅ ይመስል ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹም አላፈሩም፤ ተቀመጡ እስኪባሉ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁ። በማግስቱ ጋሽ ኑሀ ቤቴን ሊያዩ መጡና ሰልዋን ለብቻዋ ጠየቋት።

«ሲናደድ ዕቃ ይወረውራል?»

«ኧረ የለም ጋሼ» አለች የኔዋ ጉድ። ትንሽ አሰበችና «አንዳንዴ ጫማ» ብላ ጨመረች።

እንደምንም ተፈቀደልኝ። ሙሉውን ከፈልኩ፤ ዱዓ ይደረግ ተባለ፤ እጃችንን ዘረጋን። ለኔ መስሎኝ ነበር። «ያ ረቢ፣ ከአቧራ ጠብቀው። ያ ረቢ፣ ከባለጌ እጅ ጠብቀው» እያሉ ለዕቃው አደረጉ። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ፤ ባለጌው ማን እንደሆነ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ዱዓው እንዳለቀ ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው ከማዞሪያዎቹ አንዷን መዥረጥ አድርገው ነቀሉና ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«በሬ ሲሸጥ ገመዱ ለማን ነው የሚቀረው?»

«ለሻጩ» አሉ ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ። ማን ጠየቃቸው!

«በረከቱ ከበረት እንዳይወጣ ነዋ። ይኼ ገመድ የለውም» አሉና ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ።

ወግ ነው፣ አልክድም፤ አባቴም ከብት ሲሸጥ ገመዱን ይዞ ነበር የሚመለሰው። ግን የነቀሏት የቷን ነው? ቅኝቱን የምታስተካክለዋን! ይህ ዕቃ ሙቀት አይወድም፤ ሲሞቅ ቅኝቱ ይሸሻል፤ አገሩ ደግሞ ቆቦ ነው። እንግዲህ ቅኝቱ በሸሸ ቁጥር ወይ በቀረችው ቀጭን ብረት ላይ በፒንሳ መታገል ነው፣ ወይ ጋሽ ኑሀን መጥራት ነው።

መጥራት አልኩ እንዴ? መች ተጠርተው ያውቃሉ! በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። «እንዴት አደረ?» አሉ። «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ጋሼ» ስል «አንተን ማን ጠየቀህ» ብለው አልፈውኝ ገቡ። ጣታቸውን ከላዩ ላይ አስኬደው አቧራ ፈለጉ። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ይመታዋል ብለው አልጋችንን አስነስተው እሱን ጥላው ውስጥ አስገቡት። አሁን ፀሐይ የሚመታን እኔና ሰልዋ ነን።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አምፖሉ ሳይበራ ስልኬ ይጮሃል፦ «ነቅለኸዋል?» ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እያለ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይሉና «መስኮቱን ዘግተሃል?» ይሉኛል። ገበያ ውስጥ ካዩኝማ ከማሽላ ተራ ማዶ ሆነው ይጣራሉ። «ኡበይድ! አልብሰኸዋል? ትናንት አተኩሶት ነበር እኮ!» ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ ይኼን ሰምታ «ልጁ ተሻለው ወይ?» አለችኝ። ልጅ አይደለም ብላት «አይዞህ፣ አላህ ያሽረዋል» ብላ ሽንኩርት መረቀችልኝ። ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ?

አንድ ጊዜ ብልጥ ልሁን ብዬ የሽሮፕ ጠርሙስ ክዳን በሙጫ ለጥፌ የራሴን ማዞሪያ ሠራሁ። ጋሽ ኑሀ መጡ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ አዩት።

«ይኼ ምንድነው?»

«ማዞሪያ።»

«የሳል መድኃኒት ክዳን ነው። ምነው፣ ሳለ እንዴ?»

ሰልዋ ሮጣ ጓዳ ገባች፤ ሳቋ ግን ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር።

ሮቢት ከተማ የተጫወትኩበት ሠርግ ግን ከሁሉም ባሰ። ሲንተሳይዘሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ይዤ የወጣሁበት ነው፤ እሱ ከከሸፈ ስሜ እስከ ጎብዬ ድረስ አለቀለት። ክዳኗን ተማምኜ፣ ለክቡርነታቸው ትንፍሽ ሳልል ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ዳሱ እንደ ምድጃ ጋለ። ዘፋኛችን ቆንጅት ገና ስትጀምር ቅኝቱ ሸሸ። ክዳኗን ባዞር ተገንጥላ እጄ ላይ ቀረች። ፒንሳ ባወጣ ብረቷ አንሸራታች ሆነችብኝና ድምፁ ጣሪያ ነካ። ቆንጅት ለሕዝቡ እየሳቀች፣ በጥርሶቿ መሀል «ኡበይድ፣ እገድልሃለሁ» አለችኝ። ጨፋሪው ቆመ። የሙሽራው አባት ወደኔ መምጣት ጀመሩ።

ያኔ ዳሱ በር ላይ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? አዲስ ሽርጥ አሸርጠው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጋሽ ኑሀ! ማን ጠራቸው? ከቆቦ በባጃጅ ተከትለውኝ መጥተዋል። መጡ ስላችሁ ደግሞ ቶሎ የደረሱ እንዳይመስላችሁ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ እየሰጠምኩ፣ እሳቸው የአዛውንቱን ጤና፣ የከብቱን ጤና፣ የዝናቡን ነገር እየጠየቁ ነው የመጡት። ደርሰው «አብሽር» አሉኝ። ማዞሪያዋን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰኩ፣ መዳፋቸውን ዕቃው ላይ አሳርፈው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ ትንሽ ነካ አደረጓት። መጣ! ቆንጅት ተቀበለች፣ ዳሱ ቀለጠ።

የሙሽራው አባት ቀጥ ብለው ሄደው ጋሽ ኑሀን አቅፈው ሳሟቸው። እኔን አይደለም! የተጫወትኩት እኔ፣ ያላበኝ እኔ፣ ገዝቼ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፤ የተሳሙት እሳቸው። የሥጋው ጥሩ ጥሩውም ለሳቸው ቀረበ። ሠርጉ ሲያበቃ ደግሞ ማዞሪያዋን ነቅለው ወደ ኪሳቸው መለሷት። ቤቴ እንደገባሁ ሰልዋ ፊት ማልኩ። «ወላሂ፣ መጀመሪያ ለጠየቀኝ ሰው እሸጠዋለሁ!»

አላህ የሰማኝ መሰለኝ። የሮቢቱን ሠርግ ቲክቶክ ላይ ያየ፣ የድሮ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሰበስብ ዘካሪያስ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ስልኬን አፈላልጎ ደወለ። ና፣ ውሰደው አልኩት። መኪና ይዞ መጣ። ጋሽ ኑሀ እንደ ልማዳቸው ቀድመውት መጥተው ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዘካሪያስ ዕቃውን ዞሮ አየው፣ ነካካው፣ ፊቱ በራ። የጠራውን ዋጋ ስሰማ ጆሮዬን አላመንኩትም። ከዚያ ማዞሪያ የጎደለችበትን ቦታ አየ፣ እኔን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«ለመሆኑ ከሁለታችሁ ባለቤቱ ማን ነው?»

መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። እሳቸው «ሸጥኩለት እንጂ መች ሰጠሁት» ሊሉ ነው፣ እኔ ልጮህ ነው። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ተዘጋጀሁ።

ጋሽ ኑሀ ተነሱ። ማዞሪያዋን አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጓት፣ ቀስ ብለው ቦታዋ ላይ ሰኳት። «የኡበይድ ነው» አሉ። «ሸጬለታለሁ፣ አብቅቷል። እሱን አነጋግር።» ተመልሰው ሲቀመጡ እጃቸው ደረት ኪሳቸውን ፈለገ፤ ባዶ ሲሆንባቸው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

ስንት ጊዜ የለመንኩት ቃል ነው! እንደዚያን ቀን ግን ተናድጄ አላውቅም። አሁን ነው የሚለቁት? ቤቴን ሲያምሱ፣ በገበያ መሳቂያ ሲያደርጉኝ፣ በሠርግ ስሜን ሲወስዱ ሳይለቁ፣ አሁን፣ ሰው መኪና ላይ ሊጭነው ሲመጣ?

«አይሸጥም» አልኩ።

«እንዴ! ና ውሰደው ብለኸኝ?» አለ ዘካሪያስ።

«ባለቤቱ አልፈቀዱም።»

«ያንተ ነው አሉ እኮ! አሁን፣ እዚሁ!»

«እሳቸው ስለ ንብረት ምን ያውቃሉ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰልዋ በበሩ ብቅ ብላ «መሐላህስ?» አለችኝ። «ማካካሻውን ሦስት ቀን እጾማለሁ!» አልኳት።

ዘካሪያስ ሻዩን ጠጥቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ጋሽ ኑሀ አላመሰገኑኝም። «አንተ ንግድ አታውቅም» አሉኝ። ከዚያ ወለል ወለሉን እያዩ፣ «ከደሴም ከመቀሌም የመጡትን የመለስኳቸው ለምን ይመስልሃል?» አሉ።

ቀና አልኩ። ይቺን ጥያቄ በየሠርጉ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስመልሳት ኖሬአለሁ፤ ከዚህ አገር ተጫዋች ሁሉ እኔን መርጠው ነው። ቢሆንም ትሕትና ጥሩ ነው ብዬ አንገቴን ደፋ አደረግሁ። «እንግዲህ... አጨዋወቴን ወደውት ይሆናላ።»

«ኧረ ወዲያ! የምን አጨዋወት!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ደሴ ብሸጠው በምኔ ልጠይቀው ነው? ይኼ ጉልበት በእግሩ ካንተ ቤት አያልፍም ልጄ።»

ይኸውላችሁ! በጣቴ አይደለም የተመረጥኩት፤ ቤቴ ለእግራቸው ስለቀረበ ነው። ማመስገን ካለባቸውም አከራዬን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ወላሂ በገንኩ! ይበልጥ ያበገነኝ ደግሞ እኝህን ሰውዬ ይኼን ያህል መውደዴ ነው። የምላቸው ሞልቶኝ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ነገ ፀሐዩ ሳይበረታ ይምጡ ጋሼ» የሚል ነበር።