የእኔ ደጅ ብቻ የጸዳበት ክረምት

የአካባቢ ጥበቃ የጀመረ ሰውን ያህል ለቤተሰብና ለጎረቤት የሚከብድ ፍጡር የለም። ካላመናችሁ ባለቤቴን ብርቄን ጠይቋት።

ቡታጅራ ውስጥ ከቤቴ ጋር የተያያዘች አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ «ፌስታል በቃኝ» አልኩ። ገበያ ስወጣ ዘንቢል አንጠለጥላለሁ፤ ሥጋ እንኳ በኮባ ቅጠል ካልተጠቀለለልኝ አልገዛም። በዚህ ብወሰን ደግ ነበር… አካፋ ይዤ ከደጄ ፊት ያለው ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቆፈርኩ፣ ጠረግሁ፣ ጠርዙን በድንጋይ ደረደርኩ። ቦይ መሆኑ ቀርቶ ሳሎን መሰለላችሁ።

«የእኛን ብቻ ነው የምትጠርገው?» አለች ብርቄ በር ላይ ቆማ።

«ሁሉም የየደጁን ቢጠርግ ከተማው ይጸዳል።»

«ቢጠርግ ነው ያልከው» ብላኝ ገባች።

እኔ ስለዚያች «ቢ» ብዙም አላሰብኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዘቢዳር ተራራ በኩል ደመናው ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የላይኛው ሰፈር ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የአሮጌ ጫማ ሶል ሳይቀር ጎርፉን ተሳፍሮ መጣ። የእኔን ጥልቅና ንጹሕ ቦይ ሲያገኝ፣ እንግዳ የሚወድ ቤት እንዳገኘ መንገደኛ እዚያው አረፈ። ከእኔ በታች መንገዱን የሚያቋርጠው ቱቦ ደግሞ ቀድሞ ተደፍኖ ኖሯል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ሥራ ቤቴ ዞረ።

ሥራ ቤቱ ውስጥ ምን ነበር? የእህል ነጋዴው ጎረቤቴ የሐጂ ነስሩ ልጅ ለሠርጓ ያዘዘችው ቁምሳጥን። ያውም ቺፑድ፣ ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ፍቅፋቂ። ቺፑድ ውሃ ከጠጣ እንደ ዳቦ ይነፋል።

ሐጂ ሱሪያቸውን ሰብስበው ከተፍ አሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ቁምሳጥኑስ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ውሃው ገና አልደረሰበትም፣ ሐጂ።»

«በል በዚያ በኩል ያዝ።»

ለሦስት ተሸክመን አልጋችን ላይ አጋደምነው። ብርቄ ፍራሿን አየች፣ ቀጥላ እኔን።

ሐጂ አካፋዬን አነሱ። «ና ቱቦውን እንክፈት። አንተ ደጅህን አጽድተሃል፤ ውሃ ግን የሰው አጥር አያውቅም።»

ጎረቤቱን ጠሩ፤ ሁሉም ያገኘውን ይዞ ወጣ። ከላይኛው ሰፈር ሱቅ ያላት ትርፌም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወረደች። ከቱቦው የሚወጣው ፌስታል ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቼ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ።

«አንቺ ፌስታል ባትሰጪ ኖሮ እኮ…»

«እሺ፣ ልከልክል» አለች ጭቃውን እየዛቀች። «ደንበኛዬ ማዶ ሱቅ ሄዶ ይቀበላል። ፌስታሉ መምጣቱ አይቀርም፣ እኔ ግን ሱቄን እዘጋለሁ።»

ብቻዋን ብታቆም የሚደርስባት፣ እኔ ብቻዬን ጠርጌ የደረሰብኝ ነው።

ቱቦው ሲከፈት ውሃው እየፎከረ ሄደ። ቁምሳጥኑ ደኅና ሆኖ ለሠርጉ ደረሰ። ሐጂና ትርፌ በየሱቁ ዞረው ሁሉም በአንድ ቀን ፌስታል እንዲያቆም ለመኑ። አብዛኛው እሺ አለ፤ አንዱ አሁንም ከባንኮኒ ሥር እየመዘዘ ይሰጣል። ቱቦው እንዲሰፋልን ማዘጋጃ ቤቱን ጠየቅን፤ «ይታያል» ተባልን። እስኪታይ ድረስ ቅዳሜ ጠዋት ከላይ እስከ ታች አብረን እንጠርጋለን።

አባቶቻችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለዋል። ብቻውን ስለጠረገ ሰው ግን ያሉት ነገር የለም። እንግዲህ እኔ ልሙላበት፦ ብቻውን የጠረገ፣ የሰፈሩን ቆሻሻ ይረከባል።