አንድ ጣት ዝቅ የሚለው መስታወት

መኪናውን ጋራዥ ትቶ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ባለመኪና ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ የመካኒኩን እጅ ይጠብቃል። እኔ ከሌሎቹ የምለየው ማስታወሻ ደብተር በመያዜ ብቻ ነው።

እንጦጦ ላይ ባቆምኳት መኪናዬ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆ በቀኝ በኩል ያለው የፊት በር መስታወት ረገፈ። በሮቿ መስታወቱን የሚይዝ ፍሬም የላቸውም፤ መስታወቱ ብቻውን ወጥቶ በጣሪያው ጠርዝ ካለው የውሃ መከላከያ ጎማ ጋር ይገጥማል። ክረምቱ ስለደረሰ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ወደሚሠሩት መስታወት ገጣሚ፣ ወደ ጋሽ ከድር፣ ወሰድኳት። በሩ ሲፈታ እያንዳንዱን ብሎን መዘገብኩ።

«እህቴ፣ ለፈተና ነው የምታጠኚው?» አሉኝ።

«ሲገጥሙት አሥራ አንድ ብሎን እጠብቃለሁ» አልኳቸው።

አሥራ አንዱም ተመለሰ። ይህ ይበልጥ አስጠረጠረኝ፤ ምንም የማይጎድልበት ጋራዥ የት አለ?

በማግስቱ በሩን ለምርመራ ስከፍተው አዲሱ መስታወት በገዛ ራሱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። ስዘጋው ተመልሶ ወጣ። እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው! ሳልውል ሳላድር ተመለስኩ።

«ጋሽ ከድር፣ የገጠሙልኝ መስታወት ይወርዳል።»

«ድሮም ሲሠራ እንዲህ ነው። ፍሬም ስለሌለው፣ በሩ ሲከፈት ጎማውን እንዳይጎትት ዝቅ ይላል። እስቲ የሾፌሩን በር ክፈቺው።»

ከፈትኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ የከፈትኩት በር መስታወት በትሕትና አንድ ጣት ዝቅ አለ።

«አየሽ?» አሉኝ እየሳቁ።

አይቻለሁ። ደብተሬን አውጥቼ በጥንቃቄ ጻፍኩ፦ «ያላስነካኋቸውንም በር ነክተውታል።»