ሚጡ ጨረር እስኪቆጥሩ ካውያ የተከለከለበት ዘመን

ትልቁ ፍሪጅ በቤቱ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ብሬከሩ ለአንድ ፍሪጅና ለአንድ ኮምፒውተር እንጂ ለሌላ እንደማይገዛ፣ ሌላ ቢሰካበትም መብራቱን እንደሚያጠፋ በታወቀበት ዘመን፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ፊዚክስን በማዕረግ የፈጸሙት ጨረር ቆጣሪዋ፣ ኆላቂተ ጨረር ሚጡ ለታላቅ ዘመቻ ተነሡ። ምክንያቱም በሩቅ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አንድ የጨረር ሊቅ አንድ የዶክትሬት ምርምር ቦታ ከፍተው፣ የሕክምና ጨረር ከክፍሉ እንዳያመልጥ ግድግዳው ምን ያህል መወፈር እንዳለበት አመልካች ሁሉ በኮምፒውተር አስልቶ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይላክልኝ ብለው ነበርና።

ሚጡም እልፍ አእላፋት የጨረር ቅንጣቶችን በሐሳብ ግድግዳ ፊት አሰልፈው፣ ስንቱ እንደሚያልፍ ስንቱ እንደሚቀር ይቆጥር ዘንድ አሮጌውን ኮምፒውተር አዘዙ። ወእምዝ፣ ቆጠራው ሩቅ ከሄደ በኋላ፣ የቆጠረውን መሃል ላይ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ መርሳታቸው ትዝ አላቸው። መብራት ለቅጽበት ቢጠፋ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ጊዜውም አይበቃም። ያን ጊዜ በሳሎኑ መካከል ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቆጠራው እስኪያልቅ ካውያ የሚሰካ፣ ምድጃ የሚያበራ ከእኔ ጋር የለም።»

ለአዋጁ የተሰለፉትም እነዚህ ናቸው፦ እናታቸው፣ የብሬከሩ ዘብ፣ ከሥሩ በርጩማ አስቀምጠው ሽንኩርት የሚከትፉ፤ አባታቸው፣ ጡረተኛው መምህር፣ ኮምፒውተሩ እንዳይግል በካርቶን የሚያራግቡ፤ የጓሮዋ ተከራይ ፀጉር ሠሪ፣ የፀጉር ማድረቂያዋን እያጉረመረመች ያስረከበች፤ ከሁሉም በላይ የእናታቸው ወንድም፣ የትልቁ ሆቴል አጋፋሪ፣ በር ከፋቹ አጎት፣ ቀይ ካፖርታቸውን ሳይተኩሱ ከቤት ወጥተው የማያውቁ።

እኚህ ሰው በተጨማደደ ካፖርት ሥራ ሄዱ፤ በማግሥቱም እንዲሁ ሄዱ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅም አወጀ፦ «አሁንም እንዲህ ሆነህ ከመጣህ፣ በጓሮ በር ቆመህ የሽንኩርት ጆንያ ትቀበላለህ።» አጎት ይህን ለእህታቸው ብቻ በሹክሹክታ ነገሩ፤ የቤቱ ግድግዳ ግን ስስ ነበርና ሚጡ ሰሙ። ካውያውን ለአጎታቸው ሊሰጡ አነሡት። አጎት ግን ተቀብለው ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጡትና አወጁ፦ «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር ስከፍት ነው የኖርኩት። ያንቺን የምዘጋ መሰለሽ? አርፈሽ ቁጠሪ።»

ሊቁ በቪዲዮ በጠሯቸው ቀን ሚጡ የታኘከ የመሰለ ሸሚዝ ለብሰው በስልካቸው ቀረቡ። ማንም ሳይጠይቃቸው የሸሚዙን ምክንያት፣ የረሱትን ትእዛዝና የካውያውን አዋጅ አንድ ሳያስቀሩ ዘረገፉ። ከኋላቸው የአባታቸው ካርቶን ከፍ ዝቅ ሲል ይታይ ነበር። ሊቁም አወጁ፦ «በዚህ ሙያ ይህን ያልረሳ ሰው አላውቅም። ሲያልቅ ላኪልኝ፤ አባትሽም ትንሽ ይረፉ።»

ቆጠራው አጎት ከሥራ በሚያርፉበት ቀን ተፈጸመ፣ ተላከም። በማግሥቱ ማለዳ ሚጡ ቀዩን ካፖርት በገዛ እጃቸው ይተኩሱ ዘንድ ካውያውን ሰኩ። በዚያች ሰዓት የሊቁ መልእክት ደረሰ፤ ቦታው የርሳቸው ሆነ። ደግመው ደጋግመው ሲያነቡት ካውያው በካፖርቱ ጀርባ ላይ አርፎ ቆየ። ጨረር በግድግዳ እንዴት እንደሚያልፍ ያወቁት፣ ሙቀት በሱፍ እንዴት እንደሚያልፍ ዘነጉ።

አጎትም የካውያውን ጥቁር ምልክት አዩ፣ መልእክቱን አስነበቡ፣ የእህታቸውን ልጅ ግንባር ስመው ካፖርቱን ለበሱ። በዚያ ቀን ለመጣ እንግዳ ሁሉ በር ከፍተው፣ በነገሥታት ፊት እንደሚደረገው ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ እየተራመዱ አስገቡ። እንግዶቹም ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ይህን አይቶ አወጀ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በር ከፋች ሁሉ እንዲህ ይሂድ።»

ስለዚህ ክብር ለሚጡ ይሁን፣ ለኆላቂተ ጨረር፣ ለመዋኢተ ብሬከር፣ ብሬከርን ድል ለነሡት፣ ግድግዳን ያለ መለኪያ ገመድ ለለኩት። እጥፍ ክብር ደግሞ ለአጎታቸው፣ ተጨማድደው በር ለከፈቱት። ካፖርቱ ዛሬም በቁም ሳጥኑ ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተሰቅሏል፤ ይጠገን ያለ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።