ቦርጬ፣ አማቴና በቅሎዋ

በጎጃም ምድር መክሳት አይቻልም! መወፈር ይቻላል፣ መማር ይቻላል፣ ካሻችሁም መመንኮስ ይቻላል። መክሳት ግን ጎረቤት ካልፈቀደ አይሆንም። "ኧረ እኔ ከስቼ ልብሴ ሰፍቶኛል!" የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ልብሱ የሰው ነው፣ ወይ አማት የላችሁም።

የኔ ጉድ የጀመረው ከበቅሎ ነው። የባለቤቴ የባንቻምላክ ታናሽ ወንድም ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ቀን ተቆረጠ። በእነሱ ቤት ወግ፣ ሙሽራ ሊያመጡ ሲሄዱ መኪናው ከኋላ ይከተላል እንጂ አጀቡን ከፊት የሚመራው የቤቱ ትልቅ ሰው ነው፤ ያውም በበቅሎ። እስከ ዛሬ የሚመሩት የባለቤቴ አባት ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አምና አረፉ።

አማቴ ወይዘሮ የሻረግ አምበር ድረስ አስጠሩኝና፣ "ልጄ፣ የእሳቸው ቦታ ባዶ ሆኖ እንዳላይ። በሸጊቱ ሆነህ አንተ ትመራለህ" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እምቢ ይባላል? አይባልም!

ሸጊቱ የሟቹ በቅሎ ናት። እስቲ ትሞከር ተባለና ኮርቻ ተጫነች። ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አወጡኝ። ሸጊቱ አንገቷን ዞር አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ፣ አስባበት... ቁጭ አለች። አዎ፣ ቁጭ! በቅሎ ሰው ጭና ቁጭ ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም፤ ከላይ ስለነበርኩ።

"ኧረ ይቺ ምን ነካት?" አሉ አማቴ።

"እሷን ምን ይነካታል? እሱን ጠይቁት እንጂ!" አለች ባንቻምላክ። የገዛ ሚስቴ!

ሥራዬ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። ስለ ስብ ሳስረዳ ሥዕል አልሰቅልም፤ ዞር ማለት ይበቃኛል። ግን እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። የእኒያን የመሰሉ ሰው ቦታ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ልይዝ ነው? እዚያው ማልኩ። ለፋሲካ ቀጭን ሆኜ እገኛለሁ!

ስልኬ ላይ አንድ አሠልጣኝ አገኘሁ። አንገት የለውም፤ ጡንቻ ውጦታል። "ወገኖቼ! ውፍረት ያለው ሆድ ላይ አይደለም፣ ጭንቅላት ውስጥ ነው! አስተሳሰብህን ቀይር! ራስህን ቀጭን አድርገህ አስብ! ሲቀርብልህ እምቢ በል!" ይላል። መድኃኒት የለው፣ መርፌ የለው... ማሰብ ብቻ! ከዚህ የቀለለ ነገር ከየት ይመጣል?

በማግስቱ ራሴን ቀጭን አድርጌ እያሰብኩ ባጃጅ አስቆምኩ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሀላቸው ሽው ብዬ እገባለሁ ብዬ ጥልቅ ስል፣ ከወዲያ ጫፍ የነበሩት እናት በወዲያኛው በኩል ወጡ።

"ጋሼ፣ ምን አስበው ነው?" አለኝ ሾፌሩ።

"ቀጭን ነኝ ብዬ ነዋ!"

"እሱን ለባጃጇ ይንገሯት!"

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ዐቢይ ጾም ገባ። ጾም ያከሳል የሚል ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛን ቤት መጥቶ አያውቅም፤ ጠዋት ያለፈንን ጭምር አጠቃለን ነው የምንበላው። እኔ ግን እንጀራዬን በግማሽ ቀነስኩ። ሥራ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ "ትችላለህ! ቀጭን ነህ!" እላለሁ፤ ባንቻምላክ ከጓዳ "አሜን ያድርገው!" ትላለች። እናም ከዕለታት አንድ ቀን... ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ! እልልታ የሚገባው ነገር ነበር። የመጣው ግን ለቅሶ ነው።

"ምነው ከሳህ? ደህና አይደለህም እንዴ?" አለኝ አንድ ባልደረባዬ፣ ፊቱ ልውጥውጥ ብሎ።

"ሆን ብዬ ነው" አልኩት።

"አይዞህ... መጀመሪያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሰማ። ሽሮው፣ ስልጆው፣ የተልባ ፍትፍቱ እየተጫነ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። የዕድራችን ዳኛ ሳይቀሩ መጡ። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አዩኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "ምንም ሐሳብ አይግባህ፤ ድንኳኑን አጥበን ፀሐይ ላይ አስጥተነዋል" አሉኝ። ማጽናናታቸው ነው እንግዲህ!

የሁሉም ማሳረጊያ አማቴ ሆኑ። ወሬው አምበር ደርሷቸው በሚኒባስ ከች አሉ። ልጃቸውን እንኳ ሳይስሙ፣ "ምን አድርገሽው ነው? ከአንዱ ሐዘን ሳልወጣ ሌላ ልታመጪብኝ ነው?" ብለው ወረዱባት። ከዚያ አገልግላቸውን ፈቱና ጉርሻ ጠቀለሉ። ጉርሻ ስላችሁ... የሚታቀፍ ነው!

"እማማ፣ አልችልም። አስተሳሰቤን ቀይሬያለሁ።"

"አስተሳሰብህን በኋላ ትቀይራለህ፤ አሁን አፍህን ክፈት።"

"እማማ፣ እኔ እኮ ስለ በቅሎዋ ብዬ ነው! ሸጊቱ እንድትችለኝ..."

"በሞቴ!"

አለቀ! ያ አንገት አልባ አሠልጣኝ ስንቱን ሲለፈልፍ "በሞቴ" ስትባል ምን እንደምታደርግ ትንፍሽ አላለም። እናንተስ ብትሆኑ? እምቢ ካልኩ እኮ ይሙቱ ማለቴ ነው። ለአንዲት የቀበቶ ቀዳዳ ብዬ አማቴን ልግደል? ጎረስኩ። አንድ ያጣላል ተባልኩ፤ ደገምኩ። በሳምንቱ ያች የገባች ቀዳዳ እህቷን አስከትላ ወጣች።

አማቴ ግን ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ቆም ብለው አሰቡና፣ "ስማኝማ ልጄ፣ አንተን ከማክሳት በቅሎዋን ማጠንከር አይሻልም?" አሉኝ። አስተሳሰብ መቀየር ማለት ይኼ አይደል! እኔ ቦርጬን ይዤ ቀረሁ፤ ሸጊቱ ገብስ ይወርድላት ጀመር። ጠዋት ገብስ፣ ቀን ገብስ፣ ማታም ገብስ።

የሠርጉ ቀን ካባዬን ደርቤ አምበር ደረስኩ። ሸጊቱን ከጋጣ ሲያወጧት በሩ ጠበባት። በጎን ተሞክሮ ወጣች። ኮርቻው ተጫነ... የኮርቻው ማሰሪያ ግን ሆዷን ዞሮ አልገናኝ አለ! አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይገፋል። "ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ!" አልኳት፤ ሱሪ ስታጠቅ የምጠቀምባት ዘዴዬ ናት። ንቅንቅ አላለችም። አበው "ካልጠገቡ አይዘሉ" ይላሉ፤ ይቺ ግን ጠግባ መራመዱም ከበዳት።

አማቴ ሁለታችንን ጎን ለጎን አዩን። ይስቃሉ ስል በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "እንኳን እሳቸው አላዩ" አሉ። ልጓሙን ያዝኩና፣ "እማማ፣ ቦታው ባዶ አይሆንም" ብዬ ከአጀቡ ፊት በእግሬ ገባሁ።

ዳገቱን እኔ እያለከለክሁ፣ እሷም እያለከለከች ወጣነው። የሙሽራዋ አጎት ደጅ ላይ ተቀብለውን፣ "ምነው በቅሎ ይዞ በእግሩ?" ቢሉ፣ ባንቻምላክ ከኋላዬ፣ "የኛ ቤት ትልቅ ሰው ለእንስሳም ያዝናል!" አለች። እልልታው ቀለጠ። ያን ቀን ሚስቴን እንደገና ባገባኋት አልኩ።

ዳገቱ ለሁለታችንም ሳይስማማን አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አምበር እየሄድኩ ሸጊቱን ይዤ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። እሷም ቀለል እያላት ነው፤ የኔም ቀበቶ መግባት ጀምሯል። ያለ ምንም ማሰብ!

ባለፈው ቅዳሜ ስንመለስ አማቴ ደጅ ቆመው አዩን። "ውይ በሞትኩት! ሁለቱም አለቁብኝ!" ብለው ወደ ጓዳ ሮጡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ገብስ፣ በሌላው በቅቤ የራሰ ቂጣ ይዘዋል።

"በሞቴ!" አሉ፤ ለሁለታችንም።

ሸጊቱ ገብሱን አሸተተች። አማቴን አየች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ፊቷን አዞረች። ቁርጠኝነት ማለት ይኼ ነው!

እኔስ? ኧረ ተዉኝ... አፌ ሙሉ ነው!