የጌታሁን ሞተር ሳጥን

ሞተሩን እንደ ሙሽራ የሚያስጌጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጌታሁን እንደዚያ ነው። «ጋሼ፣ ይውጡ ላድርስዎ» ሲባል እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ፣ ዘወትር ጠዋት ከኋላው ተፈናጥጬ ቁልቁለቱን ለታቦት ጥላ እየተሳልኩ ነበር የምወርደው። የተሳልኩት ጥላ ቢዘረጋ ሰቆጣን ያለብሳል!

ታዲያ ይህ ጎረቤታችን ያለችውን የኒሯቅ ከተማን እንኳ ያልረገጠ ሰው «ለረጅም ጉዞ» ብሎ መጀመሪያ የንፋስ መከላከያ ገጠመ፤ ቀጥሎ ፓውዛ። ትናንት ደግሞ እኔ የምቀመጥበት ላይ ትልቅ ሳጥን አስበይዶ መጣ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ መቀመጫዎን አላሰብኩትም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ምንም አይደል» አልኩት፣ ፊቴን እንደ ለቀስተኛ አጨማድጄ። «ለመሆኑ ሳጥኑ ምን ይዟል?»

«ለእርስዎ የገዛሁትን ሄልሜት።»

ሄልሜቴ በሞተር ወረደ። ጭንቅላቴ ግን፣ ተመስገን፣ ከእኔ ጋር በእግር።