ነፋስ የሚታያቸው አክስቴ

በየቤተሰቡ ነፋስ የሚታየው አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ሌሎቻችን ነፋስ መኖሩን የምናውቀው የተሰጣ ልብስ ሲያወርድብን ነው። እነሱ ግን ገና ከመንደሩ ማዶ ሳለ ያዩታል፤ በየት በኩል እንደሚገባና ማንን እንደሚመታም ቀድመው ይነግሯችኋል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሳለ ከኋላ በኩል «ያንን መስኮት የከፈተው ማነው?» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ አግኝታችኋቸዋል። በመሥሪያ ቤታችሁ «ወንበሬ በር ትይዩ ነው» ብለው ሦስት ማመልከቻ ያስገቡት እነሱ ናቸው። በሆስፒታል ወረፋ ላይ ከሐኪሙ ቀድመው መርምረው «በላብህ ወጥተህ ነው» የሚሏችሁም እነሱው ናቸው።

የነዚህ ሁሉ ሊቀመንበር፣ ክብርት የነፋስ ጉዳይ ኃላፊ፣ የእኔ አክስት ናቸው። እናቴ ሥራ ስትውል ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ። ቤተሰቡ በሙሉ «እትዬ» ይላቸዋል። እትዬ በዓለም ላይ ካለው በሽታ ዘጠና ከመቶው ከነፋስ እንደሚመጣ ያምናሉ፤ የቀረው አሥር ከመቶ ነፋሱ ያልተያዘበት ነው። የጎረቤት ጉልበት ቢያብጥ ነፋስ ነው። የአጎቴ ጥርስ ቢነቀል ነፋስ ነው። አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ፈተና ወደቀ ሲባሉ «መስኮት አጠገብ ነበር እንዴ የተቀመጠው?» ብለው ጠየቁ። ተጣራና ልክ ሆነው ተገኙ።

ልጃችን በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ሊያግዙን መጡ። ሁለት ሻንጣ ይዘዋል፤ በአንደኛው ልብስ፣ በሌላው ሻርፕ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን እየወጣን ሳለ ልባቸውን ላሳርፍ ብዬ የቤታችን መስኮቶች ሁሉ ባለ ድርብ መስታወት መሆናቸውን፣ በሁለቱ መስታወቶች መሀል አየር ታሽጎ እንደሚቀመጥ፣ ብርድም ጫጫታም እንደማያሳልፉ ነገርኳቸው።

«ድርብ ነው?» አሉ።

«ድርብ ነው፣ እትዬ።»

ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉና «እንግዲያው ነፋሱም ነጠላ ሆኖ አይመጣም» አሉ።

ቤት እንደገቡ ሕፃኗን ከማየታቸው በፊት ሳሎኑ መሀል ቆመው አንገታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞሩ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ አንገታቸውን ያማቸው መስሏት ወንበር ልታቀርብ ስትል በእጃቸው አስቆሟት።

«ከየት ነው የሚገባው?» አሉ።

«ከየትም አይገባም» አልኩ።

እንዲህ ያለውን መልስ ከዕውቀት ማነስ ስለሚቆጥሩት አይቀየሙበትም። ሕፃኗን አቅፈው፣ ስመው፣ መርቀው ሲያበቁ ሻማ አስመጡ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሻማ አብርተው የየመስኮቱን ፍሬም ዳር ዳሩን ይዘው ሄዱ። የሳሎኑ መስኮት ጋ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የወጥ ቤቱም ጋ እንዲሁ። እኔ አሸናፊነቴን እያጣጣምኩ ተከተልኳቸው። የሕፃኗ ክፍል መስኮት ጋ ሲደርሱ ግን ነበልባሉ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ እጅ ነሣቸው።

«የሻማ ነገር» ብዬ ልከራከር ስል «ወረቀት አምጣ» አሉ። ወረቀቱን በመስኮቱና በፍሬሙ መሀል አስገብተው መስኮቱን ዘጉት፣ እጀታውን ቆለፉት። ከዚያ በሁለት ጣት ሲስቡት ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ወጣ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አሉ። «መስኮት ደግሞ ከሞኝ ማነስ የለበትም።»

የመስኮት ባለሙያ ጠራን፤ ሥራ በዝቶበት የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። በመሀሉ እትዬ ሌላ ጠላት አገኙ። የዚያው መስኮት መስታወት በአንድ ጥግ ጉም ለብሶ ነበር። የባለቤቴ ስንፍና መስሏቸው፣ ይህንንም በደግነት ሳይናገሩ፣ በጋዜጣ ወለወሉት። አልለቀቀም። በሆምጣጤ ወለወሉት። አልለቀቀም። «በውጭ በኩል ነው» ብለው እኔን መስኮት አስከፍተው በውጭ በኩል አስወለወሉኝ፤ እሳቸው ይህን ሁሉ የሚመሩት ከኮሪደሩ፣ በር ዘግተው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከውስጥ እሳቸው፣ ከውጭ እኔ ያንን መስታወት አሸነው።

ባለሙያው ጠና ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። መስኮቱን ከፈት ዘጋ አደረገና በክብደቱ ምክንያት ማጠፊያው ላይ ዝቅ ማለቱን ነገረን። ከኪሱ እንደ ክርን የታጠፈች ቁልፍ አውጥቶ ማጠፊያው ላይ ያለውን ብሎን ሁለት ጊዜ አዞረ። ዙሪያውን የተገጠመው ጎማ ደርቆ ስለነበር ስቦ አውጥቶ አዲስ አስገባ። እትዬ ወረቀታቸውን አምጥተው ፈተኑት። መስኮቱ ወረቀቱን ነክሶ ያዘ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየው «መሐንዲሱ» ተባለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መሐንዲስ» አሉት ጉሙን እያሳዩ። «ይሄ እድፍ በምን ይለቃል?»

«አይለቅም፣ እማማ። ከውስጥም ከውጭም አይደለም። በሁለቱ መስታወቶች መሀል ነው። ዳር ዳሩን የታሸገው ሲለቅ እርጥበት ይገባል። ሌላው መስኮት ደህና ነው፤ የዚህን መስታወቱን ብቻ አሠርተን እንቀይረዋለን፣ ፍሬሙ አይነካም። ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል።»

እትዬ መስታወቱን አዩት። ሦስት ቀን ያሹት ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት። ባለቤቴ ስለ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባትም።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያላበቃው በእኔ ምክንያት ነው።

መስኮቱ ወረቀት ቢነክስም እትዬ ሕፃኗ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ አሁንም «ትንሽ ትንሽ ይለኛል» ማለታቸውን አልተዉም። ቅዳሜ ዕለት ደስ ላሰኛቸው ብዬ ሁለት ቱቦ የክፍተት መድፈኛ ሲሊኮን ገዛሁና ሥራ ጀመርኩ። ፍሬሙ ከግድግዳው የሚገናኝበትን ዙሪያውን ደፈንኩ። መስኮቱን ስከፍት ደግሞ ከታች ባለው የፍሬሙ ቦይ ውስጥ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አየሁ። ባለፋብሪካው ምነው እንዲህ ተዝረከረከ ብዬ እነሱንም በሲሊኮን ጠቀጠቅኳቸው። ከመስኮቱ በላይ የነበረችውን የአየር መግቢያ ፍርግርግም አልማርኳትም። ከበሩ ኋላ ቆመው «እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ» እያሉ ሲያሳዩኝ የነበሩት እትዬ ሁሉም ሲያልቅ ገብተው አንገታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞሩ።

«ዛሬ ሰው ሆንክ» አሉኝ።

አርባ ዓመት የጠበቅኩት ምርቃት ነው።

አንድ ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱ ማልቀስ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ በውስጥ በኩል ውሃ ያንጠባጥባል፤ ከሕፃኗ አልጋ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ባለቤቴ ትወለውለዋለች፣ በማግስቱ ይመለሳል። ከዚያ አንድ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለ። እኔ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ ክፍሉ መሀል ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። ውሃው ከመስኮቱ ቦይ ሞልቶ፣ በደፉ ላይ ፈስሶ፣ የአልጋዋን ፍራሽ አርሶታል። ሕፃኗም ከትናንት ጀምሮ ትስላለች።

«እዚህ ክፍል ከዛሬ ጀምሮ አታድርም» አለች ባለቤቴ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ሻጋታ ውስጥ ልጅ አላሳድግም። ነገ ካልተስተካከለ እናቴ ቤት ይዣት እሄዳለሁ።»

እትዬ እርጥቡን ፍራሽ በእጃቸው እየዳበሱ ቆመዋል። ሰባ ዓመት ሙሉ ለማንኛውም ነገር ምክንያቱን ሲያውቁ ኖረዋል፤ ያን ዕለት ግን የነፋስን ስም አላነሡም።

መሐንዲሱ በማግስቱ ማለዳ መጣ። መስኮቱን ከፍቶ ቦዩ ውስጥ የቆመውን ውሃ አየ፣ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰ፣ ቀጭን ሽቦ አወጣና ሲሊኮኑን ወጋ ወጋ አደረገው። ውሃው እየተንደቀደቀ በውጭ በኩል ወረደ።

«እነዚህ ቀዳዳዎች የተሠሩት የዝናቡ ውሃ እንዲወጣባቸው ነው» አለ። «የደፈናቸው ማነው?»

እኔ ኮርኒሱን ማየት ጀመርኩ። ባለቤቴ እኔን ማየት ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ…»

«እኔ ነኝ አልኩ። እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው።»

መሐንዲሱ የላይኛውን ፍርግርግም ከፈተ። ከዚያ ሽቦውን እየጠቀለለ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ቤት ይተነፍሳል፤ ሰው ሲያበስል፣ ሲታጠብ፣ ልብስ ሲያሰጣ፣ ሲተኛም የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ ሲያጣ መስታወትና ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። መድኃኒቱ አንድ ነው። በየጠዋቱ ሕፃኗን ወደ ሌላ ክፍል አውጥቶ መስኮቱን ወለል አድርጎ መክፈት።

ወለል የሚለው ቃል ላይ እትዬ ሻርፓቸውን ያዙ።

«ለስንት ደቂቃ?»

«ለአሥር።»

«አምስት አይበቃም?»

«እማማ፣ ይሄ የገበያ ዋጋ አይደለም።»

«ሰባት።»

«አሥር» አለ መሐንዲሱ። «አለዚያ ግድግዳው እንደገና ይጠቁራል። ልጅቷም ትስላለች።»

እትዬ ወደ ኮሪደሩ ዞሩ። ባለቤቴ እዚያ ሆና የሕፃኗን ጀርባ መታ መታ እያደረገች ታረጋጋት ነበር። ትንሿ ሁለት ጊዜ ሳለች። «አሥር ይሁን» አሉ፤ አሥር ዓመት የተፈረደባቸው ይመስላል።

ግድግዳውን አጥበን አደረቅነው፣ ከጥቂት ቀን በኋላም አዲሱ መስታወት መጥቶ ተገጠመ። የሕፃኗ ሳል ቆመ። ባለቤቴ የእናቷን ቤት አላነሣችውም። ከሁሉ የሚገርመው ግን መስኮቱን የመክፈት ሥራ በማን እጅ እንደወደቀ ነው። እትዬ ለማንም አልሰጥም አሉ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሻርፕ ጠምጥመው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ቤተሰቡን በሙሉ ከክፍሉ አስወጥተው በሩን ይዘጋሉ። ከዚያ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ወንበር አቅርበው፣ ሰዓታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይቀመጣሉ።

«ከፍተው ሳሎን ቢጠብቁ ምናለበት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ነፋስ ብቻውን ቤት ውስጥ አይተውም» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ። በአንድ ዓርብ ጠዋት እትዬ እያስነጠሱ ተነሡ። አፍንጫቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ ድምፃቸው ጎርንኗል። ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ ያበራል። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎት የታመመ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አላልኳችሁም?» አሉ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው። «ስንት ዓመት ሙሉ ስናገር? አየኸው ነፋሱን?»

«እትዬ፣ ጉንፋን እኮ ከነፋስ አይመጣም» አለች ባለቤቴ ሙቀታቸውን እየለካች። «ከሰው ነው የሚተላለፈው። እዚህ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ደግሞ…» አለችና ቆመች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

እውነቱን ልናገር። ከሰኞ ጀምሮ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ግማሹ ሰው ሲያስነጥስ ሰንብቷል። ለሕፃኗ ብዬ ሳሎን ስተኛ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ሳስነጥስ ነበር የከረምኩት። ማክሰኞ ማታ ደግሞ ተሳስቼ የእትዬን የሻይ ኩባያ አንሥቼ ጠጥቻለሁ። እሳቸውም ቀሪውን ጠጥተውታል።

ሁለቱም እያዩኝ ነው። ባለቤቴ ሙቀት መለኪያ ይዛ፣ እትዬ መሐረብ ይዘው። ዕድሜ ልኬን ስከራከራቸው የኖርኩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር የምረታበት ጊዜ ነበር።

«ነፋሱ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«አየሽ?» አሏት ባለቤቴን። እሷም ለጥቂት ጊዜ ትክ ብላ አየችኝና «እሺ፣ ነፋሱ ይሁን» አለች። «ሁለታችሁም ግን እስኪሻላችሁ ሕፃኗን አትነኩም።»

እትዬ ሁለታችሁም የሚለውን አልሰሙትም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ካፖርታቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ሰጡኝ። «ዛሬ አልቻልኩም፤ አንተ ተቀመጥ። አሥር ደቂቃ ነው፣ እንዳታጭበረብር።»

የሕፃኗን ክፍል በር ዘጋሁ፤ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ካፖርቱ ትከሻዬ ላይ ጠበበኝ፤ እጅጌውም ከክርኔ ብዙ አያልፍም። ከታች ሰዎች ወደ ሥራ ሲጣደፉ፣ አንድ መኪና አልነሣ ብሎ ሲንተፋተፍ ይሰማል። ነፋሱ ገባና ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞረ።

«አንገትህን ሸፍነሃል?» አሉኝ ከመኝታ ቤታቸው፣ በዚያ በጎረነነ ድምፅ።

«ሸፍኛለሁ፣ እትዬ።»

እውነቴን ነበር።